መንግሥት ሲለወጥ የማይሰረዝ ዕዳ

ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደር የሚዘምትበት መንግሥትና የሚጦርበት መንግሥት ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኮሪያ የዘመተው በደርግ ዘመን ጎልምሶ በኢሕአዴግ ዘመን አርጅቷል። በ1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የቆሰለው ወታደር መቋቋሚያ የጠየቀው ያቆሰለውን ኃይል ነው። በ1990 ዓ.ም. ባድመ የዘመተው ደግሞ ልጁ ለሌላ ጦርነት ሲጠራ አይቷል።

ስለ ቀድሞ ወታደሮችና ስለ ቤተሰቦቻቸው በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ቶሎ ወደ ገንዘብ ይሄዳል። ድሀ አገር ነን፣ ከየት ይመጣል እንባባላለን። የገንዘቡ እጥረት እውነት ነው። ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ወዲህ ያለውን ታሪክ ተራ በተራ ያየ ሰው ግን ከገንዘቡ የሚቀድም ችግር ያገኛል፤ ለወታደሩ የሚደረግለት ነገር በዕዳ ሳይሆን በውለታ መልክ ተይዞ መኖሩ ነው። ውለታ በከፋዩ በጎ ፈቃድ የሚቆም ስለሆነ ከፋዩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዕዳ ግን በመዝገብ ይሰፍራል፤ ሹሙ ቢለወጥም መዝገቡን ይዞ የሚጠይቅ ሰው አያጣም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፦ ወታደሩን የሚያኖረው በስሙ የተያዘ መዝገብና መዝገቡን ይዞ የሚሟገትለት ሰው ነው። ሁለቱ በሌሉበት ሜዳሊያም ሐውልትም እንጀራ አይሆኑም።

ባሕር ማዶ የተገኘ ስም ዝርዝር

ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተነሣ። እየተተካኩ የሄዱት ሻለቆች ሲደመሩ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ደርሰዋል። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው ሲዋጉ ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከመካከላቸው አንድም ሰው አልተማረከም።

ዘማቾቹ የተመለመሉት ከክብር ዘበኛ ነበር። ሲመለሱ የተቀበላቸው ክብር ትልቅ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርግ የክፍሉ አባል መሆን ራሱ በጥርጣሬ የሚያሳይ ነገር ሆነ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሁኔታው ባሰ፤ ደርግ የተወዳጀው እነዚህ ሰዎች ከተዋጉት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ነው። ትናንት ደረት የሚያስነፋው ታሪክ በጎረቤት ፊት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ሆነ። ሰዎቹ አልተለወጡም፣ የተዋጉት ውጊያም አልተለወጠም። የተለወጠው ውለታውን የያዘው እጅ ነው።

ዘግይቶም ቢሆን ያስታወሳቸው ያዳኑት አገር ነው። የደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ከአዲስ አበባ ጋር የእህትማማችነት ስምምነት ተፈራርማለች፤ አፍንጮ በር ላይ የመታሰቢያ መናፈሻ ቆሞላቸዋል። ከደቡብ ኮሪያ በሕይወት ላሉት ዘማቾች ወርኃዊ ድጎማ፣ ለልጆችና ለልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል፣ ላረጀ ቤት ጥገና ይመጣል። በዘጠናዎቹ ዕድሜ ላሉ አዛውንት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደቡብ ኮሪያ ለምን ቻለች? ሀብታም ስለሆነች ብቻ አይደለም። በዚያ አገር የአርበኞችንና የዘማቾችን ጉዳይ የሚይዝ ሚኒስቴር፣ ሕግና በጀት አለ፤ በሴኡል ፕሬዚዳንት ሲለዋወጥ ድጎማው አይቋረጥም። ወዲህ ደግሞ ማን ዘመተ፣ ማን በሕይወት አለ፣ የማን ሚስት ባሏ የሞተባት ናት ብሎ የሚመልስ የዘማቾች ማኅበር ነበር። ገንዘብ ከባሕር ማዶ ሲመጣ የሚያርፍበት ስም ዝርዝር ያስፈልገዋል። ማኅበር የሚባለው ነገር ለበዓል ቀን ሰልፍ ብቻ የሚፈለግ የሚመስለን ይህን ሥራውን ስለማናይለት ነው።

ኮሚሽኑ ሲዘጋ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ በቀናት ውስጥ ተበተነ። ከኤርትራ ግንባር ከፊሉ በሱዳን ዞሮ፣ ከፊሉ ትግራይን በእግሩ አቋርጦ ተመለሰ። የሽግግሩ መንግሥት ወዲያው የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን መሠረተ። ወታደሮቹ ጦላይንና ታጠቅን በመሳሰሉ ካምፖች ተሰብስበው ተመዘገቡ፣ የፖለቲካ ትምህርት ተሰጣቸው፣ ከዚያም ወደየቀያቸው ተጓጓዙ። በዚህ መንገድ ያለፉት ከ450 ሺህ በላይ ናቸው።

የሥራው ስፋት ሊካድ አይገባም። ያን ያህል የተሸነፈ ሠራዊት ወደ ሽፍትነት ሳይገባ አብዛኛው ወደ እርሻው መመለሱ በሌሎች አገሮች ዘንድ የሚጠቀስ ትምህርት ሆኗል። ገጠር የገባው ለተወሰኑ ወራት እህል ተሰፈረለት፤ ብዙው ዘር፣ መሣሪያ ወይም የእርሻ በሬ አገኘ፤ ቀበሌውም መሬት እንዲያካፍለው ተደረገ። ከተማ የቀረው ግን የሚያርሰው መሬት የለውም። አጭር ሥልጠናና አነስተኛ ብድር ነበር፤ ሥራ ግን ጥቂት ነው፣ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው፣ «የደርግ ወታደር» የሚለው ስምም ለቅጥር አይረዳም። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የኖረ ሰው በክራንች ቆሞ፣ የወታደር ካፖርት ለብሶ መንገድ ዳር የሚለምን ሰው ትዝ ይለዋል።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የቤተሰቡ ክፍል ነው። ገጠር የገባውን ወታደር የተቀበለው በመጀመሪያ ኮሚሽኑ ሳይሆን እናቱና ወንድሞቹ ናቸው፤ መሬቱንም፣ እንጀራውንም፣ የሌሊት ቅዠቱንም ያካፈሉት እነርሱ ናቸው። በሌላ በኩል አስመራና ሌሎች የኤርትራ ከተሞች ውስጥ ከሠራዊቱ ጋር የኖሩ ሚስቶችና ልጆች ነበሩ። ከዚያ ተፈናቅለው አዲስ አበባ የደረሱት በላስቲክና በጆንያ መጠለያ ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል። ባሏ የሞተ ይሁን የተማረከ ያልታወቀላት ሴት በየትኛው መዝገብ ትያዝ? የቀድሞ ወታደር አይደለችም። በሕግ ፊት የሟች ሚስትም አይደለችም፤ መርዶ አልተነገራትም። መቋቋሚያው የታሰበው ለተዋጊው ስለነበረ ተዋጊውን ይዞ የቆመው ቤት ሳይታይ ቀረ።

ኮሚሽኑ ሥራውን ጨርሶ ተዘጋ። የሚከስመው ተቋም ነው፤ የተቆረጠ እግር ግን ዕድሜ ልክ ይከተላል። ጊዜያዊ ኮሚሽን በተፈጥሮው ሰውን ከካምፕ ወደ ቀዬው ለማድረስ የተሠራ ነው። ከደረሰ በኋላ ለሚመጣው 30 እና 40 ዓመት ቋሚ በር ያስፈልጋል።

ጡረታው የሚደርሰውና የማይደርሰው

ዕዳ የሚለውን ቃል በትክክል የሚሸከም አንድ ሥርዓት አለን፤ እርሱም ጡረታ ነው። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ መሠረት የመከላከያና የፖሊስ አባል ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ መንግሥት ደግሞ 25 በመቶ ይጨምርለታል፤ ይህም ለሲቪል ሠራተኛ ከሚያዋጣው 11 በመቶ እጅግ የላቀ ነው። የአገልግሎት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይፈለጋል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን የራሱ ድንጋጌ አለው። አባሉ ቢሞት ሚስት ወይም ባል የጡረታውን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ በልጃቸው ይጦሩ የነበሩ ወላጆች እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ።

ወረቀቱ ላይ ደህና ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወረቀቱ በማይደርስበት ቦታ ነው። ደመወዝ የሌለው ሚሊሻ መዋጮ ስለማይቆረጥለት ከሥርዓቱ ውጭ ይቀራል፤ የቆመበት ምሽግ ግን ከመደበኛው ወታደር ምሽግ ጎን ነበር። ተበትኖ የሄደ ሠራዊት አባል የአገልግሎት ዘመኑን የሚያስረዳ ማኅደር ላይኖረው ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ተቃጥሏል፣ አዛዡ ሞቷል፣ ክፍሉ ፈርሷል። ባለጉዳዩ ወረዳ ሲሄድ «ከክፍልህ አጽፈህ አምጣ» ይባላል። ክፍሉ የለም።

በዚህ ጊዜ የሚቆምለት ማነው? ብዙ ቦታ ላይ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ማመልከቻውን አሳምሮ ይጽፋል፤ የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ከየት እንደሚመጣ፣ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ መቼ እንደሚያልፍ መከታተል ግን ሥራው አይደለም። የተማረ ልጅ ያለው ወታደር ይከራከራል፤ የሌለው «እግዜር ይስጠኝ» ብሎ ይመለሳል። አንድ ዓይነት ቁስል ያላቸው ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ኑሮ የሚኖሩት እዚህ ላይ ነው።

መርዶ የመንግሥት ሥራ ነው

በእኛ ባህል መርዶ ሥርዓት አለው። የሚያረዳው ሰው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይታሰባል፣ ዘመድ ቀድሞ ይሰበሰባል። ጦር ሜዳ የቀረ ሰው ቤተሰብ ግን ይህን ሁሉ ያጣል። ለዓመታት በ«አይተነዋል» እና በ«ሰምተናል» መካከል ይንገላታል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የሞቱ ተዋጊዎች መርዶ በይፋ ሲነገርና የሦስት ቀን ሐዘን ሲታወጅ የታየው ይኸው ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ እናቶች ግን በይፋ ማልቀስ የጀመሩት ያን ቀን ነው።

ነገሩ የስሜት ብቻ አይደለም። ሞቱ ካልተመዘገበ የተተኪ ጡረታ አይጠየቅም፣ ውርስ አይጣራም፣ ሚስት ጋብቻዋ እንዳለ ይቆጠራል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መንገድ አዘጋጅቷል፤ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ማንኛውም ባለጉዳይ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ስንት የወታደር ሚስት ይህን ታውቃለች? ያወቀችውስ ብትሆን ስንቷ ትደፍረዋለች? ማመልከቻው ላይ መፈረም በገዛ እጅ ባልን እንደ መቅበር ይሰማል። የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ ቄሱን ወይም ሼኹን አስቀምጦ፣ ነገሩን በቀስታ የሚያስረዳትና እጇን ይዞ ችሎት የሚያደርሳት ሰው ነው። ለቤተሰብ የሚደረግ ድጋፍ ሲባል ከዚህ የበለጠ ድጋፍ የለም።

አንድ እግር እንዴት ይሠራል

የአካል ድጋፍ አንድ ጊዜ ሰጥተው የሚገላገሉት ነገር ይመስለናል። አንድ ሰው ሠራሽ እግር እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አያስብም።

መጀመሪያ የቀረው የእግር ክፍል በጀሶ ፋሻ ይጠቀለላል። ጀሶው ሲደርቅ በጥንቃቄ ይወልቅና ውስጡ ጀሶ ፈስሶበት የእግሩ ቅርጽ ይወጣል። ባለሙያው ያንን ቅርጽ በሞረድ እያስተካከለ ክብደት ሊሸከም የሚችለውን ቦታ ያጠብቃል፣ አጥንት የወጣበትን ያሰፋል። ከዚያ ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ በምድጃ ይለሰልስና ቅርጹ ላይ ይለበጣል። ቱቦውና መርገጫው ይገጠማሉ። ከዚያ በኋላ የባለጉዳዩ ሥራ ይጀምራል፤ በሁለት ብረቶች መካከል ይዞ ይቆማል፣ ይረግጣል፣ ያመዋል፣ ይስተካከልለታል፣ እንደገና ይረግጣል። የተቆረጠው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚከሳ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ይሰፋል። በትክክል ከተሠራም በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ ድንጋያማ መንገድ የሚሄድ ገበሬ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። በ25 ዓመቱ እግሩን ያጣ ሰው 65 እስኪሞላው ድረስ ደጋግሞ ወደዚያው በር መምጣት አለበት።

ስለዚህ ጥያቄው «እግር ተሰጥቶታል ወይ?» መሆን የለበትም፤ በሩ በሚቀጥሉት 40 ዓመታት ክፍት ይሆናል ወይ ነው። መቀሌ ያለው የአካል ማገገሚያ ማዕከል እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማዕከሉን የሚያካሂደው የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር ነው፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ይደግፈዋል። ከደርግ ጋር በተደረገው ጦርነት አካላቸውን ያጡ ሰዎች ያቆሙት ማኅበር ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን በፖሊዮ ለተጎዳ ልጅና በመኪና አደጋ እግሩን ላጣ ሲቪል ጭምር አገልግሎት ይሰጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በነበረው ጦርነት አዲስ የተቆረጡ ሰዎች ሲመጡ ሙያው እዚያው ነበር። የዘማቾች ማኅበር ከጠያቂነት ወደ አገልጋይነት ሲሸጋገር የሚቆመው እንዲህ ነው፤ ኅብረተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበትን በር ማንም በቀላሉ አይዘጋውም።

የማይታየው ቁስል ደግሞ በሩም ገና በቅጡ አልተከፈተም። ሌሊት የሚያባንነው፣ በር ሲንኳኳ የሚደነብረው፣ ሚስቱን በማያውቀው ምክንያት የሚቆጣው ሰው «ዓመል አወጣ» ወይም «መንፈስ ያዘው» ይባላል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ጠበል ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጠበሉም ሳይቀር መድኃኒቱና ምክሩ አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሚስቲቱ ይህ ሕመም እንደሆነ፣ ስም እንዳለው፣ እንደሚታከም ማወቅ አለባት። ሕመምተኛውን በየሌሊቱ የምታየው እርሷ ናትና።

የማስረዳት ሸክም በማን ላይ ይውደቅ?

ከሌላ አገር የምንወስደው ነገር ካለ ገንዘቡ ሳይሆን ስልቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ ውስጥ በአሜሪካ ብሔራዊ የወታደር መዛግብት ማዕከል ላይ በተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የግል ማኅደሮች ወደሙ። ማኅደርህ ስለተቃጠለ መብትህ ተቃጥሏል አልተባለም። በደመወዝ መዝገብ፣ በሆስፒታል ወረቀት፣ ከግንባር በተላከ ደብዳቤና አብረው ባገለገሉ ጓዶች በጽሑፍ በሚሰጥ ምስክርነት እንዲተካ ተደረገ። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ሲመዝን ደግሞ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል። መንግሥትም ማስረጃ በማፈላለግ የመርዳት ግዴታ አለበት።

ይህ በቸርነት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1932 የአንደኛው ዓለም ጦርነት ዘማቾች የተገባላቸውን ገንዘብ ሊጠይቁ ዋሽንግተን ሲሰፍሩ የገዛ ጦራቸው በታንክና በአስለቃሽ ጭስ በትኗቸዋል። ቬትናም ውስጥ በኬሚካል የተጎዱት ሕመማቸው ከአገልግሎታቸው የመጣ እንደሆነ በሕግ እንዲገመትላቸው እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ጠብቀዋል። ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ዘማቾች ተመሳሳዩ ሕግ የወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። በየጊዜው በሩን ያስከፈቱት ማኅበሮቻቸው ናቸው። እነዚህ ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ የወታደሩን ማመልከቻ ያለ ክፍያ ያዘጋጃሉ፣ ይከራከሩለታል። ልጆቻቸው በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ወገኖቻችንም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መጠየቅ በዚያ አገር ሕግ ክልክል ነው።

ከዚህ ውስጥ ለእኛ የማይቻል የቱ ነው? የጓድ ምስክርነትን መቀበል ወጪ የለውም። እድር ላይ፣ ሽምግልና ላይ ሰው በቃሉ ይታመናል፤ አንድ ምሽግ የተካፈሉ ሦስት ሰዎች በመሐላ የሰጡት ቃል ከጠፋ ማኅደር ያነሰ እውነት የለውም። ሐሰተኛ ምስክር ይመጣል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ቃሉን ማጣራት እንጂ ሁሉንም ማባረር አይደለም።

አሁን በእጃችን ያለው ዕድል

የትግራይን ጦርነት ካስቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች ያሉ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። ሥራው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተጀምሯል። ትኩረቱ ትጥቅ ማስፈታት፣ መመዝገብ፣ ማሠልጠንና መቋቋሚያ መስጠት ላይ ነው። ከ1983ቱ ልምድ አንጻር ካየነው ግን አራት ነገር ካልተጨመረበት ይኸው ታሪክ ይደገማል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተሰናባች የት፣ መቼ፣ በምን ክፍል እንደነበረና ምን ጉዳት እንደደረሰበት የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጁ ይያዝ፤ ቅጂው ከፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩ ጋር ተያይዞ ኮሚሽኑ ሲከስምም በማይከስም መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ምዝገባው የትዳር ጓደኛን፣ ልጆችንና ወላጆችን በስም ይጨምር፤ የጠፉትና የሞቱትም ቤተሰብ የራሱ መዝገብ ይኑረው። ሦስተኛ፣ በየወረዳው የጡረታውን፣ የሕክምና ቦርዱንና የመጥፋት ውሳኔውን መንገድ የሚያውቅ፣ ደመወዙን ከባለጉዳዩ የማይቀበል ጉዳይ ተከታታይ ይመደብ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ያሏቸው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ለዚህ ጥሩ መነሻ ናቸው። አራተኛ፣ የዘማቾች ማኅበራት የትኛው ወገን ሆነው እንደተዋጉ ሳይጠየቅ በነፃነት ይደራጁ፤ የቆሰለ ሰው በቁስሉ እንጂ በሰንደቁ አይለይ።

የመጨረሻው ለብዙዎቻችን የሚከብድ ነው። የሞተብን ሰው እያለ የገደለው ወገን ተጧሪ ሲሆን ማየት ያማል። ይህን ሕመም የሚያቃልል ክርክር የለኝም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ይባላል፤ በዚህ አገር አሸናፊ ሆኖ የቀረ የለም፣ የተሸናፊውን ወታደር የጣለ ሥርዓትም የራሱን ወታደር የሚያነሳለት ሥርዓት ሳይሠራ ይሄዳል። የጠላትን ቁስለኛ የሚያክም ሕግ የራስን ልጅ እርጅና የሚጠብቅ ሕግ ነው።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ግን ሁሉን ነገር ከመንግሥት መጠበቅ አያስፈልግም። ቤቱ ውስጥ የዘመተ ሰው ያለው ሁሉ መታወቂያውን፣ የሕክምና ወረቀቱን፣ የደመወዝ ደረሰኙን፣ የክፍሉን ስምና የጓዶቹን አድራሻ አሁኑኑ ይሰብስብ፣ ቅጂ ያስቀር፤ ምስክር የሚሆኑት አዛውንት በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይጻፍ። ዕዳ የሚጠየቀው በማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ከሰዎቹ ጋር በየቀኑ እያለፈ ነው።